ቅጠል የተነጠፈላት መኪና

የጠና መኪና እሁድ ጠዋት ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ በሚወስደው መንገድ፣ ቁልቁለቱ መሃል፣ ገደል ውስጥ በጎኗ ተኝታ ተገኘች። እኛ ከጸሎት ቤት በመውጣት ላይ ነበርን። በቅሎ የሚነዳ አንድ ሰው እያለከለከ መጥቶ፣ «ውስጧ ሰው የለም! መሪዋ ግን ደም በደም ነው!» ብሎ ሲጮህ፣ እጄ ላይ የነበረው የመዝሙር መጽሐፍ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የመኪናዋ ሹፌር የልጅ ልጄ ኤሊያስ ነው። ልጄ እሱን ስትወልድ ሞታብኝ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ጃጁራ እንደወጣ አልተመለሰም። እኔም ዝናብ ይዞት እዚያው አድሯል ብዬ ራሴን ሳታልል ነበር ያደርኩት።

ስደርስ ገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል። ጭቃ በጭቃ ነው። ራሱን፣ ክንዱን፣ ጎኑን ዳበስኩት። ጭረት እንኳ የለበትም።

«ተመስገን!» አልኩ።

«እማማ እታለም፣ ደሙ የሱ ካልሆነ የማን ነው?» አለኝ ከኋላዬ የቆመ ሰው።

የመቶ አለቃ ሳህሉ ነበር፣ የፖሊስ መርማሪው። ከመንዝ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። እኔ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፣ ራቱንም ከእኛ ጋር ይበላል። ደረቅ ሳል ስላለበት በርበሬ የምቀንስለት፣ ዝናብ ሲመጣ ካፖርትህን ያዝ እያልኩ የምጨቀጭቀው ልጅ። በዚያ ጠዋት ግን ዓይኑ የማያውቀኝ ሰው ዓይን ሆነብኝ።

የደሙ መልስ ብዙ አልቆየም። የቅቤ ነጋዴው የአህመድ ሚስት ትርፊት ነጠላዋ መሬት እየጠረገ መጣች።

«አህመድ ትናንት ከጃጁራ በዚህች መኪና ነው የተሳፈረው! ሲሳፈር ያዩት አሉ! ቤቱ አልገባም!»

ሰው ሁሉ መኪናዋን ተመለከተ። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። አህመድ ከሥሯ ቢሆንስ?

ወንዶቹ ተንጋግተው ወረዱ። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ያዘ።

«ማንም እንዳይነካ!» ብሎ ጮኸ መቶ አለቃው። «ሥሯ ሰው ካለ፣ ወደዚህ ስትስቧት ወደዚያ ትንከባለልና እናንተ ትገድሉታላችሁ። ቤንዚንም ይሸታል። ያ ሲጋራ የያዘው ሰውዬ፣ ጥፋ ከዚህ!»

ባለመኪናው ጠና ጥቁር ጃንጥላውን እንደ ዱላ እያወዛወዘ ደረሰ። ሱቁን ከምንም አንስቶ ያቋቋመ ሰው ነው። ይችን መኪና ሲያገኝማ ልጅ እንደተወለደለት ነበር ድግስ ያበላው።

«ምን ትጠብቃላችሁ? መኪናዬ ናት፣ አንሷት!»

«ታርጋ የላትም፣ አቶ ጠና። የኋላ ፓራውልቷ፣ መከላከያ ብረቷ፣ ከነታርጋው ተገንጥሎ ሄዷል። የፊቱንም ታርጋ ድንጋይ ልጦት አይነበብም» አለ ሳህሉ።

«የገዛ መኪናዬን ላላውቅ ነው?»

«ፎንቆ መንገድ ላይ የሚሠራው የወልደየሱስ መኪናም ቁርጥ እሷን ነው የምትመስለው። አህመድ የማን መኪና ውስጥ እንደነበር ሳላረጋግጥ አንዲት ድንጋይ አላስነሳም።»

ወርዶ ኮፈኗን በጥንቃቄ ገለጠ። በመሐረቡ ጭቃውን ጠርጎ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበ። ጠና ከኪሱ ያወጣውን ሊብሬ ረዳቱ አሥር አለቃ አበራ ይዞ አስተያየ። ቁጥሩ አንድ ነው። የጠና መኪና ናት።

ማንሳቱ ጊዜ ፈጀ። የጭነት መኪና ሹፌሩ ዳኘ መኪናውን አፋፉ ላይ አቁሞ በጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባ፣ ከዚያ ካቦ፣ የብረት ገመዱን፣ ዘረጋ። ሊረዳው የወረደ አንድ ጎረምሳ የካቦውን መንጠቆ ከፊት ፓራውልቷ ላይ ሊሰካ ሲል ዳኘ እጁን መታው።

«ተው! እሱ ጌጧ ነው። ሴትዮ በጆሮ ጉትቻዋ ተይዛ ትነሳለች? አክሰሉን ፈልግ፣ አክሰሉን!»

ካቦው ጎማዎቹን ከሚያያይዘው ከአክሰሉ ጋር ተያዘ። በወዲያኛው ጎን ግንድ ተደረደረ፣ ወደ ኋላ እንዳትመለስ። አንድ ክንድ በተነሳች ቁጥር ሥሯ ክሪክና ግንድ ይገባል። ካቦው ሲወጠር እኔ ዳኘን፣ «ራቅ በል! ቢበጠስስ?» እያልኩ አላስቀምጥ አልኩት። መጨረሻ ላይ፣ «እማማ፣ እርስዎ ራቅ ካሉ እኔም እርቃለሁ» አለኝ።

ትርፊት እጄን ጨምድዳ ይዛለች። መቶ አለቃው በደረቱ ተኝቶ ከሥር ተመለከተ።

«የለም» አለ። «ሰው የለም።»

ትርፊት አለቀሰች። የደስታ ይሁን የሐዘን እሷም የምታውቀው አይመስለኝም። አህመድ እዚህ ከሌለ የት ነው?

መኪናዋ አፋፉ ላይ ወጥታ በጎማዎቿ ስትቆም ሳህሉ ዙሪያዋን እየዞረ ያየውን ለአበራ ነገረው። ማርሽ አልገባም። የእጅ ፍሬኑ ተለቋል። ቁልፍ የለም። ከሆዷና ከሻንሲው መሃል የባሕር ዛፍ ልጣጭ ተሰንቅሯል። ከኋላ፣ ፓራውልቱ በተገነጠለበት ቦታ፣ የቃጫ ገመድ ቁራጭ ተንጠልጥሏል። የኋላውን በር ከፍቶ ግን ብዙ ቆየ። መቀመጫው ላይ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ በቃጫ ታስሯል፣ ወፍራም፣ በእጅ ታሽቶ የለሰለሰ፣ በራስጌ በኩል ከፍ ያለ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«አልጋ ነው፣ ጌታዬ» አለ አበራ። «በኛ አገር እንዲህ ነው የሚነጠፈው።»

መቶ አለቃው ወደ ኤሊያስ ወጣ።

«ለምን እዚህ አቆምካት?»

«እኔ እዚህ አላቆምኳትም።»

«የት አቆምካት?»

ዝም።

«አህመድስ?»

እጁን ጭቃ ሱሪው ላይ ጠረገ። ኪሱ ሲፈተሽ የመኪናዋ ቁልፍና ለሞተሩ እሳት የሚያድለው ጥቁር ክዳን ተገኘ። በዚህ ላይ ጠና፣ «ኤሊያስና አህመድ ቅዳሜ ጠዋት በፈሰሰ ቅቤ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ» ብሎ መሰከረ። የልጄን እጅ ዓይኔ እያየ አሰሩት።

*

የዚያን ቀን ምሽት ሳህሉ እንደወትሮው መጥቶ ገበታ ላይ ተቀመጠ። ልጄን አስሮ የእኔን ራት ሊበላ! ቆጮውንና አይቡን አቀረብኩለት። ባላቀርብለትስ? በባዶ ሆዱ ሲያስል ሊያድር ነው።

«ይኼን ነገር ለመድከው?» አልኩት፣ ሌላ የምለው አጥቼ።

«መጀመሪያ ገመድ የምበላ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን መንዝ ስሄድ ይናፍቀኛል።»

አንድ ሁለቴ ጎረሰ። ድፍረቴን አሰባስቤ ጀመርኩ።

«ልጄ፣ ልንገርህ። ኤሊያስ ቅዳሜ ማታ እዚህ ነበር። ከኔ ጋር ነው ያመሸው። ራቱንም እዚህ ነው የበላው።»

ሳህሉ እጁን ከገበታው አነሳ። ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ፣

«እማማ» አለኝ። «ቅዳሜ ማታ ከርስዎ ጋር ራት የበላሁት እኔ ነኝ። የኤሊያስን ድርሻ በሰሃን ከድነው አስቀምጠው፣ በር በሩን ሲያዩ ነበር።»

ፊቴ ነደደ።

«አልጻፍኩትም፣ አልሰማሁትምም» አለ። «ግን አርብ የእስረኛ መኪና ይመጣል። እስከዚያ አህመድ ካልተገኘ ልጁ በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ አዲስ አበባ ይላካል። ከዚያ በኋላ እኔ የምችለው ነገር የለም። የሚያውቁትን እውነት ይንገሩኝ።»

«የማውቀው ነገር የለኝም» አልኩ። ያን ማታ እውነቴን ነበር።

*

ሰኞ የጃጁራ ሴቶች በደጄ ሲያልፉ፣ «የወንድምሽ የሀንዳሞ ምራት ጣቢታ ወንድ ልጅ ተገላገለች» አሉኝ። እልል ማለት ነበረብኝ። የወንድሜ ቤት ወልዶ በቅቤ የሚሠራውን የአራስ ምግብ፣ አታካና፣ ሠርቼ አለመሄድ ነውር ነው። እኔ ግን ስንቅ ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነበር የምሮጠው። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሀንዳሞ የኤሊያስን መታሰር ሳይሰማ አይቀርም። ለምን ሰው አልላከም? ያ ሁሉ ዘመድ ለምን አንድ ሰው እንኳ «አይዞሽ» አይለኝም?

ጣቢያው በር ላይ ምግቡን ለኤሊያስ ስሰጠው ጎንበስ አልኩ።

«ልጄ፣ ለኔ እንኳ ንገረኝ።»

«እማዬ፣ የማውቀውን ብናገር የሚታሠረው ሌላ የኛ ሰው ነው።»

«የኛ ሰው ማን?»

«ብርድ ልብሱ ይበቃኛል፣ ሌላ እንዳታመጪ» አለኝ። ነገሩን ሲያዞር አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከጃጁራ ስትመጣ፣ ከቁልቁለቱ አናት፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለው መንደር የሀንዳሞ መንደር ነው።

ለማን ልንገር? ለሳህሉ ብነግር ወንድሜን አሳልፌ ሰጠሁ። ዝም ብል ልጄ አርብ ይሄዳል። ሁለቱንም እያሰብኩ ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆረጥኩ። ሳህሉ ራት ላይ ጣቴን አይቶ፣ «እርስዎ ነዎት ጥንቃቄ የሚያስተምሩኝ?» አለኝ። አልሳቅኩለትም።

*

ማክሰኞ ሳህሉ ፎንቆ ሄዶ ወልደየሱስን መረመረው። የሆነውን የነገረኝ አበራ ነው።

«በጠና መኪና ትቀናለህ ይባላል» ይለዋል መቶ አለቃው።

«እቀናለሁ» ይላል ወልደየሱስ። «ሰው ሁሉ ወደሷ ነው የሚሮጠው። እኔ ምን ላድርግ፣ ልሳቅ?»

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?»

«የልጄን ክርስትና ሳስነሳ። ፎንቆ ያለ ሰው ሁሉ ጠላዬን ጠጥቷል። ከፈለግህ ጣቢያ አዛዡን ጠይቅ፣ ሲደንስ ወንበሬን ሰብሯል።»

አዛዡ ሲጠየቅ ጆሮው ቀላ አሉ። ወልደየሱስ ነጻ ወጣ።

ረቡዕ ጠና ተጠየቀ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሱቁ ውስጥ ነበር፣ ገበያተኛው ሁሉ አይቶታል። እሱም መልሶ መቶ አለቃውን ጠየቀ።

«ፓራውልቴን የሰረቀውን ሌባ መቼ ነው የምትይዝልኝ?»

«ሌባ ጎማውን ትቶ ፓራውልት ይሰርቃል?» አለው ሳህሉ።

ከዚያ ያንን ጥቁር ክዳን ይዞ ወደ ዳኘ ሄደ። ዳኘ ገልብጦ ተመለከተው።

«ተሰንጥቋል። ርጥበት ሲገባበት መኪናዋ ቆማለች ማለት ነው። ልጁ ቅያሪ ፍለጋ ነቅሎት ይሆናል። ሹፌር የሚያደርገው ይኼንን ነው።»

«ያለዚህ ትሄዳለች?»

«ያለሱ? ተሸክመህ ካልወሰድካት በቀር!»

ያን ምሽት ሳህሉ ገበታ ላይ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው እንዲህ አለ። «ሞተሯ አልሠራም። አንድ ልጅ ብቻውን ገፍቶ አያመጣትም። ብዙ ሰው ነው ያመጣት። ደግሞስ ሰው ሊገድል የሚሄድ ሰው ከኋላ አልጋ ያነጥፋል?»

ለኤሊያስ ብዬ ከድኜ ካስቀመጥኩት ሰሃን ዓይኔን አላነሳሁም። ሳህሉም ያን ሰሃን ነክቶት አያውቅም፣ ርቦት እንኳ።

*

ሐሙስ ከጣቢያ ስመለስ ከሳህሉ ጋር መንገድ ላይ ተገናኘን። ጎረቤቶቻችን ቤት ሲያዛውሩ ነበር። ማዘጋጃ ቤት መንገድ ሊያሰፋ ስለሆነ የአንዱን ሰውዬ ቤት ጣራውን ከነግድግዳው አንስተው ወደ ታችኛው ሰፈር ይወስዱታል። ከሥሩ ረዣዥም የባሕር ዛፍ አጣና በአግድም ገብቷል። አጣናው ትከሻ እንዳይልጥ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎበታል። ወንዶቹ በሁለቱም ወገን ገብተው፣ አንድ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ እያዜመላቸው፣ ቤቱ እግር እንዳወጣ ሁሉ ብድግ ብሎ ሄደ።

ሳህሉ መንገዱ መሃል ቆሞ ቀረ። ሰዎቹ፣ «መቶ አለቃ፣ ወይ ትከሻ ወይ መንገድ!» እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን አልሰማም። አጣናውን ነው የሚያየው፣ ልጣጩን፣ ቅጠሉን። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ የተወሰኑ ወንዶች ወደ ኋላ ዞረው ቃጫ ገመድ ይዘው ተንጠለጠሉ።

«እማማ፣ እነዚያ ከኋላ የሚጎትቱት ለምንድን ነው?»

«ቁልቁለት ላይ ተሸካሚው እንዳይሮጥ ነዋ። ገመዱን ከቤቱ ጀርባ ያስሩና ያዝ ያደርጉታል።»

«ቤቱ ራሱ አይሮጥም?»

«ቤት በምን እግሩ ይሮጣል?»

«መኪና ግን ይሮጣል» አለ ሳህሉ፣ ቀስ ብሎ። «ገመዱን ከፓራውልቷ ጋር አስረው ነበር።»

ዞሮ ተመለከተኝ። የመርማሪ ዓይን አልነበረም። ቆጮ የሚበላው ልጅ ዓይን ነበር።

«እማማ፣ ነገ አርብ ነው። ከቁልቁለቱ አናት ያለው መንደር የማን ነው?»

ባዶውን ሰሃን መሬት አስቀመጥኩ። ወንድሜን አሰብኩ። ኤሊያስን አሰብኩ። ከዚያ የተነጠፈውን ቅጠል አሰብኩ። ያን ያህል ያለሰለሰ እጅ ክፉ ሊሆን አይችልም አልኩ።

«የወንድሜ የሀንዳሞ ነው» አልኩት። «ግን እኔም እሄዳለሁ። ሳል ይዞህ እዚያ ብርድ ላይ ብቻህን አትወጣም።»

*

በዳኘ መኪና ወጣን፣ አበራም ከእኛ ጋር። የሀንዳሞ ደጅ ላይ ወንዶቹ ተሰብስበዋል። አዲስ የተሠራ ቃሬዛ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሀንዳሞ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እቴ፣ መጣሽ?»

መቶ አለቃው ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባቴ፣ ቅዳሜ ያዛወራችሁት ቤት ውስጥ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አበራ በሀዲይኛ ሊደግምለት ሲል ሀንዳሞ በእጁ ከለከለው። ገብቶታል።

«ግባና እይ» አለው።

ገባን። በቀኝ በኩል ጣቢታ ልጇን ታቅፋ ተኝታለች። በግራ በኩል፣ ራሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እግሩ በሸምበቆ ታስሮ፣ አህመድ!

«አንቺ እታለም» አለኝ በሰለለ ድምፅ። «ቅቤዬስ?»

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

ነገሩን ሀንዳሞ ተናገረ። ቅዳሜ መኪናዋ መንደራቸው መግቢያ ላይ ትበላሽና ትቆማለች። ኤሊያስ አህመድን እዚያው ትቶ ቅያሪ ፍለጋ ወደ ሆሳዕና በእግሩ ይሄዳል። እሱ እንደሄደ ጣቢታ ምጥ ይይዛታል፣ ክፉ ምጥ።

«ቃሬዛ አልነበራችሁም?» አለ ሳህሉ።

ሀንዳሞ ወደኔ ዞረ።

«እቴ፣ አንቺ ንገሪው። ያኔ ልጅሽን በዚህ መንገድ በቃሬዛ አልነበረም ያወረድናት? ዝናቡ ሲመታት፣ ትከሻችን ሲንቀጠቀጥ፣ ከታች ሜዳው ላይ ስንደርስ ኤሊያስ ተወልዶ አለቀሰ፣ እሷ ዝም አለች። አሁን ጣራ ያላት፣ መቀመጫ ያላት መኪና ደጄ ቆማ ጣቢታን ደግሞ በቃሬዛ ላስኪድ? አልችልም አልኩ። ሁላችንም አንችልም አልን። ጣቢታን ከኋላ ቅጠል ላይ አስተኝተን፣ ከመኪናዋ ሥር አጣና አስገባን። ቤት እናዛውር የለም እንዴ? እዚህ ላይኛውን ሜዳ ተሸከምናት። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ከበደችን፣ በጎማዋ አቆምናትና ከኋላ ገመድ ያዝን። አህመድ መሪውን ይዟል።»

«አህመድ፣ መኪና መንዳት ታውቃለህ?»

«አህያ መንዳት አውቃለሁ» አለ አህመድ። «ፍሬኑ የትኛው እንደሆነ ብጠይቅ ሁሉም አያውቅም። ያ ብረት ተገንጥሎ ገመዱ ሲለቅ መኪናዋ ወረደች። እኔ መሪውን ወደ ዳገቱ ጠመዘዝኩ። ግንባሬን መታኝ። አፋፉ ላይ ቆመች፣ ግማሽ ጎኗ አየር ላይ።»

ወንዶቹ መኪናዋን በትከሻቸው ደግፈው ጣቢታን በኋላው በር አወጧት። አህመድን ሳያወጡ አፈሩ ተናደ። ልጁ መንገዱ ዳር፣ በእንሰት ቅጠል ጥላ ሥር ተወለደ። አህመድን ከገደሉ ሲያወጡት ራሱን አያውቅም ነበር።

«ለምን አልመጣችሁም?» አልኩ። ድምፄ ጮኸ። «ኤሊያስ ታስሮ! እኔ ያን ሁሉ ቀን!»

«አንድ ሰው ብንልክ ያው አንዱ ነው የሚታሠረው፣ እቴ። አብረን የተሸከምነውን አንድ ሰው ላይ አንጥልም። ይኼ አህመድ ደግሞ ስሙን እንኳ አያውቅም ነበር። ቢሞትብን ምን ይዘን እንመጣለን? ልጁን የያዙት ለመኪናዋ መስሎናል። ደም ይጠየቅበታል ብለን ማን አሰበ! አህመድ ዛሬ ጠዋት ነው ዓይኑን የገለጠው። ይኸው ቃሬዛው። ሁላችንም ልንመጣ ነበር።»

ሳህሉ ወደ ደጅ ወጣ። ወንዶቹ ተነሱ።

«አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ገመዱን ከፓራውልቷ ጋር ያሰረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሀንዳሞ።

«እኔ ነኝ» አለ ከጎኑ ያለው።

«እኔ።» «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።» «እኔ።» ግቢው ሁሉ እኔ ሆነ። ጣቢታ እንኳ ከውስጥ፣ «እኔ ነኝ!» አለች።

«እኔም ነኝ» አልኩ።

«እማማ፣ እርስዎ እዚያ አልነበሩም!»

«ብኖር እይዝ ነበር።»

አበራ እርሳሱን ይዞ፣ «ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጌታዬ?» አለው። ሳህሉ ብዙ ሳለ። ሳሉ እውነተኛ ይሁን የውሸት አላወቅኩም።

«ድንገተኛ አደጋ» አለ። «ወላድ ለማድረስ ሲሞከር።»

*

አርብ የእስረኛ መኪና መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። እኛ ሁላችንም ቁልቁለቱ ላይ ነበርን። ኤሊያስን አቅፌ አልለቅም ስል፣ «እማዬ፣ መተንፈስ አቃተኝ» አለኝ። ቅዳሜ ሌሊቱን ዝግ ጋራዥ በር ላይ ቁጭ ብሎ ነው ያደረው። ለምን ቤት አልመጣህም ብዬ ብጠይቀው፣ «በዚያ ዝናብ መልሰሽ አትለቂኝም ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ንጋት ላይ መኪናዋን ገደል ውስጥ፣ ደሙን መሪው ላይ ሲያይ፣ አጎቶቹ አህመድን አንድ ነገር አደረጉት ብሎ ፈራ። እግሩ ወደ መንደሩ አልወጣ አለ፣ አፉም ዘጋ። እሱ ለነሱ፣ እነሱ ለሱ፣ ሁሉም ዝም።

ጠና መጣ። ጃንጥላውን ይዞ፣ ፊቱን አጥቁሮ። አራት ወንዶች በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ረጅም ነገር በትከሻቸው ተሸክመው ከፊቱ አስቀመጡ። ሲገልጡት ፓራውልቱ ነው፣ ታጥቦ፣ ታርጋው ተወልውሎ። ጠና ታርጋውን በእጁ ዳበሰ። የኋላውን በር ከፍቶ ያን ቅጠል ሊጠርግ እጁን ሰደደ። ከራስጌው ከፍ ያለውን ነካ። እጁን መለሰ።

«ይቆይ» አለ። «ቤት ደርሶ ይነሳል።» ከዚያ ወደ ኤሊያስ ዞሮ፣ «ምን ትገተራለህ? መሪህን ያዝ!» ብሎ ቁልፉን ወረወረለት።

ዳኘ ካቦውን ከአክሰሉ ጋር ራሱ አሰረ፣ ደግሞም መረመረ። እኔም ከሱ ኋላ መረመርኩ። አህመድና ትርፊት፣ ጣቢታና ሕፃኑ የጭነት መኪናው ፊት ገቡ። የሀንዳሞ ሰዎች ከኋላ ቃጫቸውን ያዙ። ዳኘ፣ «የኔ ካቦ ይበቃል» ቢላቸውም አልሰሙም። በዚህኛው ጊዜ ግን ከአክሰሉ ጋር አሰሩት።

«በምትጎተተው መኪና ውስጥ ከሹፌሩ በቀር ማንም አይገባም» አለ ሳህሉ። «ኤሊያስ፣ እግርህ ፍሬኑ ላይ። ካቦው ሳይላላ፣ ቀስ እያልክ።»

«ቀስ በል!» አልኩ እኔም። «ቀስ! አንተም መቶ አለቃ፣ ካፖርትህን ቆልፍ!»

ቆለፈ። ከዚያ መጥቶ ከጎኔ ገመዱን ያዘ።

ቁልቁለቱን እንዲህ ወረድን። ከፊት የጭነት መኪናው፣ መሃል ኤሊያስ፣ ከኋላ እኛ ሁላችን። ካቦው አልተወጠረም፣ አልላላም። ሜዳው ላይ ስንደርስ ዳኘ ቆመ። ኤሊያስም ቆመ። አንገቱን አውጥቶ የመንገዱን ዳር ተመለከተና ጡሩምባውን አንድ ጊዜ ነፋ። ማን እንደነገረው አላውቅም። እናቱ የሞተችበትን ቦታ እኔ አሳይቼው አላውቅም ነበር።

የጣቢታ ልጅ በጡሩምባው ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። ያኔ እዚሁ ቦታ ልጅ ሲያለቅስ የመለሰለት አልነበረም።

«እሹሩሩ» አለች ጣቢታ ከፊት። «እሹሩሩ፣ ደረስን።»